ፌሬትን ከደረቅ መኖ ወደ ጥሬ ሥጋ ማሸጋገር፦ ከዝግጅት እስከ ሳምንታዊ ድልድል

ፌሬት ሰውነቱ ቀጭንና ረዘም ያለ፣ ሥጋ በል የሆነ ትንሽ የቤት እንስሳ ነው። ብዙ ፌሬት አሳዳጊዎች ጥሬ ሥጋ አቅርበው እንስሳው አሽትቶ ፊቱን ሲያዞርባቸው «የኔስ ሥጋ አይወድም» ብለው ይተዉታል። ሌሎች ደግሞ ደረቁን መኖ አንስተው «ሲርበው ይበላል» እያሉ ይጠብቃሉ። የሁለቱም ስሕተት አንድ ነው። ፌሬት ምግቡን የሚለየው በጠረን ሲሆን፣ የትኛው ጠረን ምግብ እንደሆነ የሚለምደው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 6 የዕድሜ ወራት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመጣ ጥሬ ሥጋ በአፍንጫው ከአንድ የጨርቅ ቁራጭ አይለይም። ርሃብም ይህን አያስተካክልም፤ የፌሬት አንጀት በጣም አጭር ስለሆነ የበላው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አልፎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሆዱ ባዶ ሆኖ ከቆየ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሊወርድ፣ ጉበቱም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘረጋው ፌሬቱ ጠግቦ እያለ አዲሱን ጠረን እንዲማር ነው። ግልገል በጥቂት ቀናት ሊለምድ ይችላል፤ ለዓመታት ደረቅ መኖ ብቻ የበላ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዱም ወራት ይፈልጋል።

1. ከመጀመርዎ በፊት

ሐኪም ያማክሩ

ፌሬትዎ 3 ዓመት ካለፈው የደም ስኳሩን ሳያስመረምሩ አይጀምሩ። ኢንሱሊኖማ የተባለው የቆሽት ዕጢ በመካከለኛና በከፍተኛ ዕድሜ ባሉ ፌሬቶች ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ሽግግሩ በሚጠይቀው የምግብ ሰዓት መለዋወጥ ውስጥ ይህ ሕመም ተደብቆ ካለ አደጋው ትልቅ ነው። ሕመሙ እንዳለበት የታወቀ፣ ያረገዘች ወይም የምታጠባ፣ ከቀዶ ሕክምና በማገገም ላይ ያለ፣ ተቅማጥ የያዘው ወይም በቅርቡ ወደ አዲስ ቤት የገባ ፌሬት ካለዎት ጊዜውን ያራዝሙ፣ ወይም በሐኪም ክትትል ብቻ ይጀምሩ።

በቤትዎ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ካለ ጥሬ ሥጋ የሚያመጣውን የሳልሞኔላ፣ የካምፒሎባክተርና የሊስቴሪያ ሥጋት ቀድመው ያስቡበት። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ፌሬት እነዚህን ባክቴሪያዎች በሰገራው ሊያወጣ ይችላል። እንደኔ እምነት፣ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ጥሩ ደረቅ መኖ ይዞ መቀጠል የሚያሳፍር ውሳኔ አይደለም።

ክብደቱን ይመዝግቡ

እስከ 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ይግዙና ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ፣ ቢቻል በተመሳሳይ ሰዓት፣ ፌሬቱን በሳህን ወይም በትንሽ ቅርጫት አስቀምጠው ይመዝኑት። ይህ መነሻ ቁጥር ከሌለዎት ፌሬቱ እየበላ ይሁን እየላሰ ብቻ በግምት ሊያውቁት አይችሉም። ፌሬት በመኸርና በክረምት እንደሚወፍር፣ በፀደይና በበጋ እንደሚከሳም ያስታውሱ፤ ወንዱ ላይ ለውጡ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ የወቅቱን ቀስ ያለ ለውጥ በምግብ እጦት ከሚመጣው ፈጣን መውረድ ጋር አያምታቱት።

2. ሥጋውንና ዕቃውን ማዘጋጀት

ለሰው ምግብነት የተመረመረ ሥጋ ብቻ ይግዙ። ጨው፣ ቅመም፣ ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት የነካው፣ እንዲሁም ክብደት እንዲጨምር የጨው ውኃ የተወጋ ሥጋ አይሆንም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ የሥጋ ዓይነት ይበቃል፤ የዶሮ ወይም የቱርክ ጭን ተመራጭ ነው፤ ጠረኑ ቀለል ያለ ከመሆኑም በላይ የእግር ሥጋ ከደረት ሥጋ የበለጠ ታውሪን (ለልብና ለዓይን ጤና የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር) አለው። ጥንቸል፣ በግና በሬ በኋላ ይጨመራሉ።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉ።

የመጀመሪያው የወፍ ጉንፋን ነው። ፌሬት ለኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች እጅግ ተጋላጭ ስለሆነ ሳይንቲስቶች በሽታውን የሚያጠኑት በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በአሜሪካ ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ያለበት ጥሬ መኖ የበሉ የቤት ድመቶች ሞተዋል። ማቀዝቀዝ ቫይረሱን አይገድለውም። በሚኖሩበት አካባቢ በዶሮ እርባታዎች ላይ በሽታው መከሰቱ ከተነገረ ጥሬ ዶሮ፣ ቱርክና ዳክዬ ያቁሙ፤ በጥንቸል ወይም በበግ ይተኩ፤ ወፍ ከሰጡም አጥንቱን አውጥተው በደንብ ያብስሉት።

ሁለተኛው የአሳማና የዱር እንስሳት ሥጋ ነው። ጥሬ የአሳማ ሥጋ ትሪኪኔላ የተባለውን ትል፣ በአንዳንድ አገሮችም ለሥጋ በል እንስሳት ገዳይ የሆነውን የአውየስኪ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። የዱር እንስሳት ላይ የሚገኙ አንዳንድ የትሪኪኔላ ዝርያዎች በረዶን ይቋቋማሉ። ሁለቱንም ከጥሬው ድልድል ውጭ ያድርጓቸው።

ሦስተኛው ጥሬ ዓሣ ነው። አንዳንድ የዓሣ ዓይነቶች ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኤንዛይም ስላላቸው የዘወትር ምግብ ሊሆኑ አይገባም።

የገዙትን ሥጋ በአንድ ቀን ድርሻ እየከፈሉ፣ ቀን እየጻፉበት፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፍሪዘር ያስቀምጡ። የሚያቀልጡት በፍሪጅ ውስጥ፣ ከ4 ዲግሪ ባልበለጠ ቅዝቃዜ፣ ከታች መደርደሪያ ላይ፣ በተከደነ ዕቃ ነው። ለፌሬቱ ብቻ የሚያገለግል መክተፊያ፣ ቢላና የብረት ወይም የሸክላ ሳህን ይለዩ። መርፌው የወለቀ ሲሪንጅ፣ አሮጌ ፎጣና አንድ ጠርሙስ የሳልመን ዘይትም ያስፈልጋል። ዘይቱ የሚያገለግለው ለማባበል ነው፤ ከጥቂት ጠብታ ካለፈ ተቅማጥ ያስይዘዋል።

3. ጠረኑን ማስተዋወቅ

በዚህ ደረጃ ፌሬቱ ሥጋ እንዲበላ አይጠበቅም። አንድ እፍኝ ሥጋ በትንሽ ለብ ያለ ውኃ ነክረው ለ10 ደቂቃ ያህል ያቆዩትና ሮዝ መልክ ያለውን ውኃ ያጥልሉ። ከለመደው ደረቅ መኖ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ያፍስሱበት። ሌላ ያልተነካ ደረቅ መኖ በተለየ ሳህን ሁልጊዜ ከጎኑ ይኑር። የረጠበውን መኖ ከ2 ሰዓት በላይ አያቆዩ፤ ደረቅ መኖና የሥጋ ውኃ ተቀላቅለው ሲውሉ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል።

የረጠበውን ያለ ማንገራገር መብላት ሲጀምር ወደሚቀጥለው ይለፉ። ካልነካው የሥጋውን ውኃ ወደ ጥቂት ጠብታ ይቀንሱ።

4. የሥጋ ሾርባ

ሽግግሩ የሚከሽፈው በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ አይጣደፉ።

50 ግራም የተፈጨ ሥጋ ከእኩል ለብ ያለ ውኃ ጋር በመፍጫ አልመው እንደ ቀጭን አጥሚት ያድርጉት። ደረቁን መኖ ለብቻው ዱቄት እስኪሆን ይፍጩና ይቀላቅሉበት፤ በመጀመሪያ ሦስት እጅ የመኖ ዱቄት ለአንድ እጅ ሥጋ፣ ከዚያ እኩል በእኩል፣ በመጨረሻ አንድ እጅ ዱቄት ለሦስት እጅ ሥጋ ይሁን። እያንዳንዱን ምጣኔ ቢያንስ ለ3 ወይም ለ4 ቀን ያቆዩ። ሾርባው ከፍሪጅ እንደወጣ ከቀረበ አይሸትም፤ የማይሸት ነገር ደግሞ ለፌሬት የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሳህኑን በሙቅ ውኃ ላይ አስቀምጠው ወደ 38 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ እንስሳው የራሱ የሰውነት ሙቀት፣ ያድርሱት። በማይክሮዌቭ አያሙቁት፤ አንዱን ጎን አብስሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተወዋል።

ሰዓቱን በሚከተለው መንገድ ይምረጡ። ፌሬት ከእንቅልፉ እንደነቃ ወደ ሳህኑ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ደረቁን መኖ ከ1 እስከ 2 ሰዓት አንስተው፣ ሲነቃ ሾርባውን ያቅርቡለት። ከ2 ሰዓት አይለፉ፤ ከ3 ዓመት በላይ ለሆነው ግን ደረቁን መኖ ከነጭራሹ አያንሱበት። ሾርባውን ቀመሰም አልቀመሰም ከ30 ደቂቃ በኋላ ደረቁ መኖ ይመለሳል።

ራሱ ካልላሰ እንዲህ ያድርጉ፦

ሀ. በፎጣ ጠቅለል አድርገው ጭንዎ ላይ ያስቀምጡት፤ የፊት እግሮቹ ከውስጥ ይሁኑ።

ለ. በጣትዎ ጫፍ አንድ ጠብታ ሳልመን ዘይት ያስልሱት። ሁለተኛውን ጠብታ ከሾርባው ጋር ቀላቅለው ይስጡት።

ሐ. እምቢ ካለ ትንሽ ሾርባ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ወይም ከጎን በኩል ድዱ ላይ ይቀቡት፤ ለማጽዳት ሲል ይልሰዋል። አፍንጫው ቀዳዳ ላይ አይቀቡ።

መ. ሲሪንጅ ከተጠቀሙ ጫፉን በጎን በኩል፣ ከክራንቻው ጀርባ አድርገው ጠብታ በጠብታ ይልቀቁ፤ እያንዳንዱን እስኪውጥ ይጠብቁ። ወደ ጉሮሮው አቅጣጫ በኃይል መግፋት ሾርባውን ወደ ሳንባ ያስገባዋል።

ሠ. ከአምስት ወይም ከስድስት ልሰት በኋላ ያቁሙና ይልቀቁት። በትግል የተጠናቀቀ ምግብ የሚያስተምረው ፎጣውን ሲያይ መሸሽን ብቻ ነው።

ይህን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደጋግሙ። ከጣትዎ መላስ ሲለምድ ጣትዎን በየጊዜው ወደ ሳህኑ ዝቅ እያደረጉ፣ በመጨረሻ ሳህኑ ውስጥ አስገብተው ያስልሱት። ሳህን ውስጥ በራሱ ሲልስ ጣትዎን ያውጡ። ብዙ ፌሬቶች ካሉዎት ቀድሞ የለመደውን ከሌሎቹ ጋር ያብሉት፤ ሲያዩት ይደፍራሉ። ክብደታቸውን ግን አንድ በአንድ ይከታተሉ፤ የሳህኑ ባዶ መሆን ማን እንደበላ አይነግርዎትም።

5. ከሾርባ ወደ ቁራጭ

ፌሬቱ ያለ መኖ ዱቄት የተዘጋጀውን ሾርባ በራሱ መብላት ሲጀምር ውኃውን በየሁለት ቀኑ ይቀንሱ። የተፈጨው ሥጋ ያለ ውኃ ሲበላ፣ አተር የሚያክሉ ቁራጮች ውስጡ ይደብቁ። ቁራጮቹን ከተቀበለ መጠናቸውን ያሳድጉ፤ በመጨረሻ በጎን ጥርሱ ቆርጦ ሊበላው የሚገደድበት፣ የጣት ርዝመት ያለው ቁራጭ ይስጡት። በአንዴ የሚዋጥ መካከለኛ ቁራጭ ከትልቁ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ትልቁን ያኝከዋል፣ መካከለኛውን ግን ሳያኝክ ሊሞክረው ይችላል።

6. አጥንት

ሥጋ ብዙ ፎስፈረስና እጅግ ጥቂት ካልሲየም አለው። አጥንት የሌለው ሥጋ ለወራት የበላ ፌሬት፣ በተለይ ግልገል፣ አጥንቱ ይሳሳል። ስለዚህ ይህ ደረጃ በምርጫ የሚታለፍ አይደለም።

በመጀመሪያ ከነአጥንቱ የተፈጨ የዶሮ ወይም የጥንቸል ሥጋ ይስጡ። ከዚያ የዶሮ ክንፍ ጫፍ፣ ቀጥሎ መካከለኛውን የክንፍ ክፍል፣ ከዚያም የዶሮ አንገት ወይም የጥንቸል ጎድን ያቅርቡ። መጀመሪያ ላይ አጥንቱን በመዶሻ ሰባብረው ይስጡ፤ ሲበላም አጠገቡ ይቀመጡ። የበሰለ አጥንት ስለሚሰነጠቅና አንጀት ስለሚበሳ በፍጹም አይስጡ። የበሬና የበግ የእግር አጥንትም ጥርስ ይሰብራል።

አጥንት ጨርሶ እምቢ ካለ ለ1 ኪሎ አጥንት አልባ ሥጋ ከ5 እስከ 6 ግራም የላመ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ይቀላቅሉ፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ቅርፊቱን አስቀድመው በምድጃ አድርቀው፣ ሻካራ ቅንጣት እስከማይቀር ይፍጩ።

7. ጉበትና ሌሎች የውስጥ አካላት

እስከዚህ ድረስ ያልመጡት ሆን ተብሎ ነው፤ ቀድመው ከገቡ ሰገራው ይቀጥናል፣ ምክንያቱንም መለየት ያስቸግራል። በሩዝ ፍሬ መጠን ጉበት ይጀምሩ፤ ከሳምንት በኋላ ኩላሊት ወይም ጣፊያ ይጨምሩ። ጉበት ከታለመለት መጠን ካለፈ ቫይታሚን ኤ በሰውነት ውስጥ ተከማችቶ ይጎዳል። ልብና የዶሮ ጨጓራ የሚቆጠሩት ከቀይ ሥጋው ጋር ነው፤ ልብ በታውሪን የበለጸገ ስለሆነ በየሳምንቱ መኖር አለበት።

8. ሳምንታዊው ድልድል

ዐዋቂ ፌሬት በቀን ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ሥጋ ይበላል፤ በማደግ ላይ ያለ ግልገል ከዚህ በላይ ስለሚፈልግ እስኪጠግብ ይስጡት። አሳዳጊዎች የሚጠቀሙበት ምጣኔ 80 በመቶ ሥጋ፣ 10 በመቶ አጥንት፣ 5 በመቶ ጉበትና 5 በመቶ ሌላ የውስጥ አካል ነው። ይህ ከአንድ ሙሉ ታዳኝ እንስሳ አካል የተወሰደ ግምት እንጂ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ልክ አይደለም፤ ስለዚህ በየሳህኑ ሳይሆን በየሳምንቱ እንዲደርስ ይጣሩ።

ለምሳሌ 1 ኪሎ የሚመዝን ፌሬት በቀን 70 ግራም ቢበላ በሳምንት 490 ግራም ይሆናል። ከዚህ 390 ግራም ያህሉ ሥጋ፣ 50 ግራም አጥንት፣ 25 ግራም ጉበትና 25 ግራም ኩላሊት ወይም ጣፊያ ነው። የዶሮ ክንፍ ግማሽ ገደማው አጥንት ስለሆነ 50 ግራሙን አጥንት ለማግኘት ወደ 110 ግራም ክንፍ ያስፈልጋል፤ የቀረው 60 ግራም ከሥጋው ድርሻ ይቀነሳል። ብዙ ሰው ይህን ስሌት ረስቶ 50 ግራም ክንፍ በመስጠት አጥንቱን በግማሽ ያጎድላል።

የቀኑን ድርሻ በሦስት ወይም በአራት ይክፈሉት። በጊዜ ሂደት ቢያንስ ሦስት የእንስሳት ዓይነቶች ይፈራረቁ። ሥጋ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ፌሬቱ ከበፊቱ ያነሰ ቢጠጣ አይደንግጡ፤ የውኃው ሳህን ግን ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን።

ደረቁ መኖ ከዘወትር ገበታው የሚነሳው ፌሬቱ ቢያንስ ለ10 ቀናት ሙሉ ድርሻውን በሥጋ ሲበላና ክብደቱ ሳይወርድ ሲቀር ነው።

9. አንድ ነገር ሲበላሽ

ክብደት ሲቀንስ፦ በሳምንት ከ5 በመቶ በላይ ከወረደ አንድ ደረጃ ወደኋላ ይመለሱ፤ ደረቁን መኖም ቀኑን ሙሉ ክፍት ያድርጉ። 10 በመቶ ከደረሰ ሽግግሩን አቁመው ሐኪም ያሳዩ።

ሰገራው ሲለወጥ፦ በጥሬ ሥጋ ላይ ሰገራ ማነሱ፣ መጥቆሩና ሽታው መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። ነጭና እንደ ኖራ የሚፈረፈር ከሆነ አጥንት በዝቷል፤ ጥቁርና ቀጭን ከሆነ ጉበቱን ይቀንሱ። አረንጓዴና ዝልግልግ ከሆነ ምግቡ ሳይፈጭ ፈጥኖ አልፏል ወይም በቂ አልበላም፤ ከአንድ ቀን ካለፈ ያስመርምሩ። እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ሰገራ ግን ከጨጓራ ወይም ከአንጀት የሚፈስ ደም ምልክት ስለሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሲያስመልስ፦ ሥጋ በጉጉት ውጦ ወዲያው አንድ ጊዜ ቢመልስ ቁራጩን ያስተካክሉ። ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ሰገራ ካቆመ፣ ጥርሱን ካፋጨ ወይም ሆዱን ሲነኩት ከተቆጣ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ እስከ ነገ አይጠብቁ።

ሲፈዝ፦ ዓይኑን ተክሎ ከቀረ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ አፉን በፊት እግሮቹ ከቧጠጠና የኋላ እግሮቹ ከከዱት ስኳሩ ወርዷል። ትንሽ ማር ድዱ ላይ ይቀቡ፤ ነቅቶ መዋጥ ሲችል ሥጋ ወይም የለመደውን መኖ ያብሉትና ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ጣትዎን በጥርሶቹ መካከል አያስገቡ፤ ራሱን በሳተ ፌሬት ጉሮሮ ውስጥም ምንም አያፍስሱ። ቢያገግምም ሐኪም ሳያየው አይለፍ።

ሲያንቀው፦ በጀርባ ጥርሱ የተሰካ ቁራጭ ብዙ ጊዜ አፉን እንዲቧጥጥ ያደርገዋል፤ ከጎን በኩል በጣት ወይም በትንሽ መቆንጠጫ ይወጣል። ካልታየዎት በጭፍን አይቆፍሩ።

ሥጋ ሲደብቅ፦ ይህ ተፈጥሮው ነው። የሚበላበትን ቦታ ሊታጠብ በሚችል ቤት ወይም ሳጥን ይገድቡ፤ የአጥንት ቁራጭ ሲሰጡ በተለይ በሩን ይዝጉ። ከበላ በኋላ ከሶፋ ሥር፣ ከመኝታው ከረጢትና ከመጋረጃ ጀርባ ይፈትሹ። ያልተበላ ሥጋ ከ2 ሰዓት በኋላ ይጣል፤ ተመልሶ ፍሪጅ አይገባም።

10. የዕለት ንጽሕና

ሳህኑን ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጠቡ፤ እጅዎንም እንዲሁ። ጥሬ ዶሮ በቧንቧ ውኃ አይጠቡ፤ ፍንጥቅጣቂው ባክቴሪያውን በማጠቢያው ዙሪያ ይበትነዋል። ፌሬቱ በልቶ እንደጨረሰ ፊትዎን እንዲልስ አይፍቀዱለት፤ ሰገራውንም በየቀኑ ያጽዱ።

11. ደረቁን መኖ ጨርሰው አይጣሉት

ሽግግሩ ካበቃ በኋላም ትንሽ ጥራት ያለው ደረቅ መኖ በታሸገ ዕቃ ያስቀምጡና በሳምንት አንድ ቀን ጥቂት ፍሬ እንደ ማባበያ ይስጡት። ፌሬቱ ሐኪም ቤት ቢያድር፣ ለቀናት ሌላ ሰው እጅ ቢቆይ ወይም ፍሪዘሩ ተበላሽቶ ሥጋው ቢጠፋ የሚቀርብለት ይኸው መኖ ነው፤ ጠረኑን ከረሳው ደግሞ አሁን ሥጋውን እንዳሸተተው ሁሉ መኖውንም አሽትቶ ይተወዋል። የማለፊያ ቀኑን በየጊዜው እየተመለከቱ ያለፈበትን በአዲስ ይተኩ።